ከአንኮበር አፋፍ ወደ አልዩ አምባ፦ በፎር ዊል ድራይቭ መኪና አስቸጋሪ ቁልቁለት ለመውረድና ለመውጣት ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሁለት ዓይነት መሬት ይገጥመዋል። አንደኛው ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በተጉለት በኩል እስከ መንዝ የሚዘልቀው ቀዝቃዛ ደጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ይኸው ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ የሚወርድበት አፋፍ ነው። በምሥራቅ በኩል አፋፉ ወደ አፋር ሜዳ ይመለከታል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የጀማና የወንጪት ወንዞች ደጋውን ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆ አበጅተዋል። ይህ መመሪያ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወስደውን ቁልቁለት ዋና ምሳሌ አድርጎ ይዟል። ይሁን እንጂ የሚነገረው ነገር ከለሚ ወደ ጀማ ለሚወርድም ሆነ ከመንዝ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚያቆለቁል አሽከርካሪ በአመዛኙ ይሠራል።

ብዙ ሰው አቀበትን ይፈራል፣ ቁልቁለትን ግን ይንቃል። ነገሩ በተቃራኒው ነው። አቀበት ላይ መኪናው አቅም ሲያንሰው ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ ግን የተሳሳተ ማርሽ ይዞ የገባ አሽከርካሪ ስህተቱን የሚያርምበት ጊዜም ቦታም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ምክሮች ሁሉ የሚቀድመው፣ የቁልቁለቱ ማርሽ የሚመረጠው ገና አፋፉ ላይ ቆሞ ነው የሚለው ነው።

ወቅትና ሰዓት መምረጥ

ለዚህ መንገድ የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ቦረቦሩ ይሰፋል፣ የመንገዱ ጠርዝ በውሃ ይሸረሸራል፣ ናዳም ይበዛል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ በልግ አለ። ከሌላ አካባቢ የመጣ አሽከርካሪ የካቲትን የበጋ ወር አድርጎ ስለሚቆጥረው ሳይዘጋጅ የሚያዘው በዚህ ወቅት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በደጋው ላይ ውርጭ ስለሚጥል በማለዳ የመስኮቱ መስታወት ይጋገራል፣ ጥላ ያረፈበት መንገድም ያንሸራትታል።

ስለ ሰዓት ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዚህ አፋፍ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው። ገና በማለዳ የሚወርድ ሰው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ዓይኑ ላይ ይዟት ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚወጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ ቀጥላም ከአንኮበር ተራሮች ጀርባ ስትሰወር ቁልቁለቱ በሙሉ ጥላ ይውጠዋል፣ ጉድጓዱም ድንጋዩም አንድ ቀለም ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር አፋፉ ላይ ሲደርስ ስለሚቀዘቅዝ ጉም ይሠራል፤ በጣርማ በር የሚያልፍ ሁሉ የሚያውቀው ጉም ይኸው ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መውረድ መጀመር፣ መልሱንም ቢዘገይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መነሳት ይመረጣል። ታች ደርሶ ለመመለስ የማይበቃ ሰዓት ከቀረ እዚያው ማደር ይሻላል እንጂ በማታ መውጣት አይገባም።

ከመነሳትዎ በፊት መረጃ ይሰብስቡ። የመንገዱ ሁኔታ በአንድ ዝናብ ይለወጣልና ባለፈው ወር ያለፈ ሰው ከሚነግርዎ ይልቅ ትናንት የወረደ የአይሱዙ ሹፌር የሚነግርዎት ይበልጣል። መንገድ ተዘግቶ እንደሆነና የጸጥታው ሁኔታ እንዴት እንደሆነ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከዚያም ከቁልቁለቱ በፊት ባለችው ጎረቤላ ላይ እንደገና ይጠይቁ። አጠያየቁም ዘዴ ይፈልጋል። በመንገድ ዳር ያገኟቸውን አባት ሰላምታ ሰጥተው “መንገዱ ያስኬዳል?” ቢሏቸው እንግዳን ላለማሳዘን ሲሉ “አዎ፣ ምንም አይልዎትም” ሊሉ ይችላሉ። “አባባ፣ ዛሬ ከታች የወጣ መኪና አይተዋል? ምን ዓይነት መኪና ነበር?” ብለው ቢጠይቋቸው ግን የሚያገኙት መልስ ያዩትን ነገር ነው። ጠዋት የወጣ አይሱዙ ካለ ለፎር ዊል ድራይቭም መንገድ አለ ማለት ነው። ባለ ሞተር ብስክሌት ብቻ ከሆነ ያለፈው፣ ወርዶ በእግር ማየት ይገባል።

መኪናውን ማዘጋጀት

በእኛ አገር ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውሉት ሃርድቶፕ የሚባለው ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ ናቸው። የመኪናው ዓይነት ግን ከያዘው ሁኔታ በላይ አይወስንም። ጎማው ያለቀና የፍሬን ሸራው የሳሳ አዲስ ሞዴል በደንብ ከተያዘ የ20 ዓመት ሃርድቶፕ ያነሰ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬኑን ያስፈትሹ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ከጊዜ በኋላ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይመረታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት ያስቀይሩት። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም።

ቀጥሎ ራዲያተሩን፣ ቺንጋውን፣ የጎማ ብሎኖቹን፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎቹንና የመሪ መገጣጠሚያዎቹን ያስፈትሹ። ከመኪናው ሥር ተንበርክከው የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው እብጥ ብረት) ከመሬት ያላቸውን ከፍታና የሚገኙበትን ቦታ በዓይንዎ ይያዙ፤ በኋላ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ የትኛውን ጎማ የት እንደሚያሳርፉ የሚወስኑት በዚህ ነው። በብዙ መኪኖች የፊተኛው ዲፈረንሻል መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው።

የሚጫኑት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ አየሩ ሙሉ የሆነ ተጠባባቂ ጎማ፣ ክሪክና ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላ፣ አካፋ፣ ለመጎተቻ የተሠራ ገመድ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ የአየር መሙያና የጎማ ግፊት መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን፣ ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ፣ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ። ታች ሙቀት ስለሆነ ጋቢ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ማታ አፋፉ ላይ ጎማ ቀይሮ አያውቅም። ነዳጁን ደብረ ብርሃን ላይ ይሙሉ፤ በዝቅተኛ ማርሽ አቀበት ሲወጣ የሚፈጀው ናፍታ በአስፋልት ከሚፈጀው እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ከባድ ዕቃ ወለል ላይ፣ በተቻለ መጠን ከኋላው ጎማ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ በገመድ ይታሰር። ጣሪያው ላይ ቀላል ነገር ብቻ ይቀመጥ። ጎን ለጎን ባጋደለ መንገድ ላይ መኪናን የሚገለብጠው አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያ ጭነት ነው።

አፋፉ ላይ

ጎረቤላን አልፈው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደልዳላ ቦታ ፈልገው ይቁሙ። እዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ማጥፋት ብክነት አይደለም።

በመጀመሪያ የጎማውን አየር ይቀንሱ። መነሻው በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው፤ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል መቀነስ ለዚህ ዓይነቱ ድንጋያማ ጥርጊያ ይስማማል። ለምሳሌ 35 ፒኤስአይ የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። ጎማው ሲለሰልስ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፣ በሾለ ድንጋይ የመቀደድ ዕድሉም ይቀንሳል። ጎማዎ ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ግን ከዚህ በላይ አይቀንሱ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ካላማዳሪውን አብሮ ስለሚጎትተው የአየር መሙያው ቱቦ ከሥሩ ይበጠሳል። መቀነሱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ቢሆን ልኩ ይታወቃል።

ከዚያ የፊት ጎማዎቹ መሐላቸው ላይ ከፎር ዊል ድራይቩ ጋር የሚያገናኛቸው በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካላቸው ወርደው ይቆልፉት። መኪናውን ሙሉ በሙሉ አቁመው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ወደ ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ ወደሚነዱበት) ያስገቡ። ፎር ሎው የጎማውን ፍጥነት በብዙ መኪኖች ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ቀንሶ፣ በዚያው ልክ የመጎተትና የመያዝ ኃይሉን ይጨምራል። ፎር ሃይ (አራቱም ጎማ በተለመደው ማርሽ የሚነዱበት) ለደጋው ጭቃና ለፒስታ መንገድ ነው፤ ለዚህ ቁልቁለት አይሆንም። መሐል ዲፈረንሻል የሌላቸው መኪኖች በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ድራይቭ መነዳት እንደሌለባቸውም ይታወስ፤ በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የተለያየ ርቀት ስለሚሄዱ የማስተላለፊያው ብረት ይጠማዘዛል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል።

ከዚያም ለቁልቁለቱ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ። አንደኛው በጣም የሚጎትት፣ ሞተሩንም የሚያስጮህ ከመሰለዎት ሁለተኛውን መሞከር የሚቻለው ቁልቁለቱ ለስላሳ የሆነበት ቦታ ላይ ቆመው ብቻ ነው። አውቶማቲክ መኪና ከሆነ ማርሹን በዝቅተኛው ላይ ይቆልፉት እንጂ በተለመደው የመንገድ ማርሽ አይውረዱ።

ለምን ይህን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ በስሌት ማየት ይቻላል። 3 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ፍሬን ላይ ቢያርፍ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 90 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ያህል ሙቀት አራት ትንንሽ የፍሬን ክፍሎች ሊሸከሙት አይችሉም። ሞተሩ ግን ራዲያተርና ማራገቢያ ያለው፣ ሙቀትን ወደ አየር ለመበተን የተሠራ ነው፤ ስለዚህ መኪናውን ሊይዝ የሚገባው እሱ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሚገኘው የቁልቁለት መቆጣጠሪያ ቁልፍ ራሱ የሚሠራው ፍሬኑን እየነካ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ለአጭር ቁልቁለት ይጠቅማል፤ ለረጅሙ ግን የዝቅተኛ ማርሽ ምትክ አይሆንም።

ወደ ታች

በዝግታ ይልቀቁት። በአንደኛ ማርሽ ፎር ሎው ላይ ፍሪሲዮኑ ከእግርዎ ነጻ ሲሆን መኪናው በሰው እርምጃ ልክ ራሱን ይዞ ይወርዳል። የግራ እግርዎን ወለል ላይ ያሳርፉ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን መርገጥ ሞተሩን ከጎማው መለየት ስለሆነ መኪናው በአንድ ጊዜ ይፈተለካል። ማርሽ በመሐል መቀየርም እንዲሁ ነው። ፍሬን ከፈለጉ አጠር አድርገው፣ ጠበቅ አድርገው ረግጠው ይልቀቁት፤ ለረጅም ጊዜ በቀስታ ተረግጦ የሚቆይ ፍሬን ነው የሚግለው።

ልቅ ጠጠር ላይ ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ከጀመረ ተፈጥሯዊው ነገር ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ ነው፤ ነገር ግን የተቆለፈ ጎማ መሪን አይሰማም። ፍሬኑን ለቀው ነዳጅ በጥቂቱ ይስጡት። ጎማው እንደገና ሲዞር መሪው ይመለሳል። ይህ ለጀማሪ በጣም የሚከብድ ነገር ስለሆነ አስቀድሞ ደልዳላ ጠጠር ላይ፣ ገደል በሌለበት መለማመድ ይገባል።

መሪውን ሲይዙ አውራ ጣትዎን ከመሪው ቀለበት ውስጥ አያስገቡ። የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ሊዞርና ጣት ሊሰብር ይችላል። ትልቅ ድንጋይ ሲገጥምዎ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ለማሳለፍ አይሞክሩ፤ ቀስ ብለው ጎማዎን ድንጋዩ ላይ ያውጡት፣ ዲፈረንሻሉም አብሮ ከፍ ይላል። በመንገዱ መሐል ብቻውን የተቀመጠ ድንጋይ ካዩ ብዙ ጊዜ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ሆኖ የቆየና የከባድ መኪና ረዳት ሳያነሳው የሄደ ነው። እርስዎም ለታኮ የተጠቀሙበትን ድንጋይ ሳያነሱ አይሂዱ። ከላይ የሚንከባለል ድንጋይም አለ፤ ገደሉ ላይ የሚሰማሩት ጭላዳዎች ሲንቀሳቀሱ ጠጠር ያወርዳሉና የጭላዳ መንጋ ካለበት ገደል ሥር አይቁሙ።

የመኪናው ወለል ወደ አንድ ጎን የሚያጋድልበት ቦታ ከቁልቁለቱ ይልቅ ያስፈራል፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተሳፋሪዎችን አውርደው በተራራው በኩል በእግር ያሳልፏቸው። በ1841 እ.ኤ.አ. በሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በግመል ያመጣው ጭነት ከአፋፉ ሥር ወርዶ አንኮበር የደረሰው በሰው ሸክም ነበር፤ ቁልቁለቱ ዛሬም ጭነት ማቅለልን ይወዳል። መኪናው ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ በጥቂቱ ያዙሩት፤ ወደ ላይ ማዞር መገልበጥን ይጋብዛል።

አስቸጋሪ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወርዶ ይምራ። የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ “ወደ ቀኝ! ተወው! ወደ ግራ!” ካለ አሽከርካሪው የማንንም አይሰማም። መሪው ሰው ከመኪናው ፊት ራቅ ብሎ፣ አሽከርካሪው ሊያየው በሚችልበት፣ ነገር ግን መኪናው ቢያመልጥ በማይደርስበት ቦታ ይቁም። በመኪናውና በገደሉ መካከል ማንም አይቁም።

ፍሬኑ የተቃጠለ ሽታ ከሰጠ ወይም ፔዳሉ እየለሰለሰ ከመጣ ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁሙ። በማርሽ አቁመው በጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ይጠብቁ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ በመንገዱ የተለመደ ልማድ ቢሆንም ብረቱን ሊሰነጥቀው ወይም ሊያጣምመው ይችላልና ይቅር። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ይሳቡ፤ ያም ካልበቃ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግተው በቦዩና በአፈሩ ያስይዙት። ጎኑ የተላጠ መኪና ይጠገናል።

ኩርባና መንገድ መስጠት

እጥፍ ኩርባዎች ላይ ከመግባትዎ በፊት ክላክስ ያድርጉ፣ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ ሙዚቃ አጥፍተው ያዳምጡ። ወደ ላይ የሚመጣ ከባድ መኪና ድምፁ ቀድሞ ይሰማል። በአሽከርካሪዎች ዘንድ ወደ ላይ ለሚወጣ መኪና ቅድሚያ መስጠት የታወቀ ነው፤ ቆሞ እንደገና መነሳት የሚከብደው እሱ ነውና። ይሁንና ከታች የሚወጡት እርስዎ ሆነው ከላይ የተጫነ አይሱዙ ቢመጣ በቅድሚያ መብት አይከራከሩ፤ ሰፊ ቦታ ካለዎት ያሳልፉት። በገደሉ በኩል ያለው መኪና መቼም ቢሆን ወደ ጠርዙ ሄዶ ማሳለፍ የለበትም። በተለይ ከዝናብ በኋላ ጠርዙ ከላይ ደህና መስሎ ከሥሩ የተቦረቦረ ይሆናል። የሚጠጋው በተራራው በኩል ያለው ነው።

ኩርባው በአንድ ጊዜ የማይታጠፍ ከሆነ ወደ ፊት ሄዶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የመኪናው አፍ ወደ ገደሉ፣ ጀርባው ወደ ተራራው ይሁን። ገደሉን ፊት ለፊት ማየት የሚያስፈራ ቢሆንም የሚያዩት አደጋ ከማያዩት ይሻላል። የኋላው ጎማ የሚነካው የተራራውን አፈር ብቻ ይሆናል።

የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ የመኪና አይደለም። አህያና ግመል የሚነዱ ሰዎች ጠባቡን ጥርጊያ ሞልተውት ስለሚመጡ ሞተሩን አጥፍቶ ማሳለፍ ተገቢ ነው። ክላክስ እንስሳን ያስበረግጋል፤ የተጫነ አህያ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ሊሆን ይችላል። ጉም ከያዘዎት አጭሩን መብራት ያብሩ፤ ረጅሙ መብራት ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንዎን ያሳውራል።

መልካ መሻገር

ታች ሲደርሱ ወንዝ ይጠብቅዎታል። ሰማዩ ከእርስዎ በላይ ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል። ውሃው መደፍረስ ከጀመረ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ አይግቡ፣ ከዳርቻውም ራቅ ብለው ያቁሙ።

ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ በትር ይዘው በእግር ይሻገሩት፤ በእግር ሊሻገሩት ያልደፈሩትን በመኪና አይድፈሩት። ከጉልበት በላይ የሆነና በኃይል የሚፈስ ውሃ ትልቅ መኪናንም ያነሳል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ ግለዋል፤ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባልና ከመግባትዎ በፊት ጥቂት ይጠብቁ። በፎር ሎው፣ በመጀመሪያ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይቆሙና ማርሽ ሳይቀይሩ ይሻገሩ። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን እየነኩ ጥቂት ሜትር ይሂዱ፣ እንዲደርቅ።

አቀበቱ

መመለሻው በአንድ ነገር ይለያል፤ ሞተሩ እየወጣ በሄደ ቁጥር አየር ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ኃይሉን ያጣል፤ አንኮበር ደግሞ 2,465 ሜትር ላይ ናት። ቱርቦ ያለው የሚያጣው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ታች ላይ በሦስተኛ ማርሽ የወጣው መኪና ላይ ሲደርስ ሁለተኛን ቢጠይቅ የሞተር ሕመም አይደለም።

ከአቀበቱ በፊት መስመርዎን በዓይንዎ ይምረጡ፣ ማርሹንም ከሥሩ ይምረጡ፤ ብዙ ጊዜ የፎር ሎው ሁለተኛ ማርሽ ይስማማል። ያልተቋረጠ፣ ዝግ ያለ ጉዞ ነው የሚያወጣው፤ በፍጥነት ተንደርድሮ መግባት መኪናውን ድንጋይ ላይ ያዘልለዋል፣ የሚዘል ጎማ ደግሞ መሬት አይይዝም። ጎማው ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው ነዳጁን ይልቀቁ። መቆፈሩን የሚቀጥል ጎማ ጉድጓዱን እያሰፋ ነው።

ሞተሩ መሐል ላይ ከጠፋ የሚሠራው በቅደም ተከተል ነው። ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። መኪናውን ለማዞር ፈጽሞ አያስቡ፤ አቀበት ላይ ጎኑን የሰጠ መኪና ይገለበጣል። በፎር ሎው ወደ ኋላ ማርሽ አስገብተው፣ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን አረጋግጠው፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቀው ሞተሩን ያስነሱ። በአብዛኞቹ የናፍታ መኪኖች ማርሹ እንደገባ ማስነሳት ይቻላል፤ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሳ መኪና ከሆነ ፍሬኑን ሳይለቁ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ያስነሱትና መልሰው ይልቀቁት። ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብለው ሲለቁ መኪናው በሞተሩ ተይዞ በመጣበት መስመር ወደ ኋላ ይወርዳል። ደልዳላው ላይ ደርሰው እንደገና ይሞክሩ።

የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ክዳኑ ያረጀ ከሆነ አቀበቱ ያጋልጠዋል። መርፌው ወደ ላይ ከወጣ የመኪናውን የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ያጥፉ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ ሳያጠፉት ያቆዩት። ክዳኑን በጋለበት አይክፈቱት፤ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል።

ከአፋፉ በላይ ያለው ዋልካ

አፋፉን ከወጡ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በመንዝ፣ በሞረትና በተጉለት ሜዳዎች ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ከዝናብ በኋላ ገደል ሳይኖረው ያስራል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሲሆን በጎማው ጥርስ መካከል ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ከባድ መኪና በሠራው የጎማ ቦይ ውስጥ አይግቡ፤ የመኪናው ሆድ በቦዮቹ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ያርፍና አራቱም ጎማ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በፎር ሃይ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳይቆሙ በሣሩ ጠርዝ በኩል ይሂዱ፤ የተዘራ ማሳ ግን አይርገጡ። ዝናቡ ካቆመና ፀሐይ ከወጣች ጥቂት ሰዓት ጠብቆ ማለፍ ከአንድ ቀን ቁፋሮ ያድናል።

አስፋልት ሲደርሱ

ወደ ጠንካራ መንገድ ሲወጡ ፎር ሎውን ወደ ሁለት ጎማ ይመልሱ፣ በእጅ የቆለፉትን የፊት ጎማዎች መቆለፊያ ይፍቱ። የጎማውን አየር ወደ ነበረበት ይሙሉ፤ በአነስተኛ አየር በአስፋልት በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ይግላል፣ ይፈነዳልም። የአየር መሙያ ከሌለዎት ደብረ ብርሃን ካለ ጎሚስታ እስኪደርሱ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጡ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ ሲያቆሙ ወዲያው ሳያጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት።

በማግሥቱ ጠዋት የጎማ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፣ የጎማውን የውስጥ ጎን በእጅዎ እየዳሰሱ የተቆረጠ ቦታ እንዳለ ይፈልጉ። ወንዝ ተሻግረው ከነበረ የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት ከፍተው ይመልከቱ፤ ነጣ ያለ ወተት መሳይ መልክ ካለው ውሃ ገብቶበታልና ሳይዘገይ ይቀየር። በቸርኬው የውስጥ ጎን የተጋገረውን ጭቃ በውሃ ያስወግዱ፤ ከደረቀ በኋላ ጎማው ሚዛን እንዲያጣና መሪው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል።